ዓይን አፋር ልጅ ግቢ ሲገባ

አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የመኝታ ብሎኩ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥር። ሰዉ እየተጋፋ በጣቱ ስሙን ይፈልጋል። እኔ መጋፋቱን አፍሬ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሰዉ እስኪሳሳ ጠበቅሁ። ዶርም ስደርስ ከስድስቱ አልጋ አምስቱ ተይዟል። የቀረችልኝ በሩ አጠገብ ያለችው የላይኛዋ ነበረች፤ አምፖሉ ዓይን ላይ የሚያበራባት፣ የገባውም የወጣውም የሚያናውጣት። ዓይን አፋርነት ግቢ ውስጥ የሚያስከፍለው ዋጋ በአብዛኛው ይህን ይመስላል። ሰው አይቶ የሚያዝንለት ዓይነት ጉዳት የለውም፤ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አምፖል ሥር ያስተኛል።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ቃሉን ከዘመዶቹ እንለየው። ዝምተኛ ሰው ማውራት ብዙም ስለማይወድ ዝም ይላል፤ አሥር ሰው መሃል ቢቀመጥ ልቡ አይመታም፣ ብቻውን ቢውልም አይከፋውም። ዓይን አፋር ግን ማውራት ይፈልጋል። የሚለው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስበታል፣ ከዚያ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ «እንዲህ ብዬ ነበር መመለስ» እያለ ይብሰለሰላል። ይሉኝታ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «ምን ይሉኛል» ነው። ዓይን አፋሩ ሰው ፊት መቆሙን ሲፈራ ይሉኝተኛው ከሄደ በኋላ የሚወራበትን ይፈራል። አንድ ልጅ ዓይን አፋርም ይሉኝተኛም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ዝምተኛውን ግን ተዉት፣ ምንም አልጎደለበትም።

ቤት እያለን ይሄ ሁሉ ችግር አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያ ይዞ ብቅ የሚል፣ ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ «ደህና» ብቻ የሚል ልጅ «አንገቱን የደፋ፣ የጨዋ ልጅ» ይባላል። ጎረቤት ለራሱ ልጅ ምሳሌ ያደርገዋል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ድምፁን አጥብቆ የሚፈልግበት የለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው፤ ፊደል ማጥቆር እንጂ አፍ መክፈት አይጠይቅም። እናም አንድ ጎበዝ ተማሪ 12 ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ ተመርቆ ተመራርቆ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይደርሳል። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ፤ እስከዚያ ድረስ እውነትም አልነቀዘም።

ግቢ ውስጥ ሕጉ ይለወጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ፕሮግራም ተመልሶ ስለመጣ የመጀመሪያው ዓመት ወደ ትምህርት ክፍል ሳይገቡ የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቡድን ሥራና ፕሬዘንቴሽን አላቸው። ከፋይናሉ በፊት በየሳምንቱ የሚሰበሰበው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ከሱም የተወሰነው የሚገኘው ሰው ፊት በመቆም ነው። ከትምህርቱ ውጭ ያለው ይብሳል። ቤት እናት ወይም ታላቅ ወንድም ሄዶ ይጨርስልን የነበረው ጉዳይ ሁሉ አሁን በራስ አፍ ይጠየቃል፤ ቁልፍ ከፕሮክተር (ከዶርም ተቆጣጣሪው)፣ የምግብ ካርድ፣ የተሳሳተ ስም ከሬጅስትራር፣ የጠፋ ውጤት ከመምህር።

በዚህ ላይ አገሩ አዲስ ነው። ምደባው የሚወጣው በምርጫና በውጤት ስለሆነ የጎንደሩ ጅማ፣ የአዲስ አበባው ወላይታ ሶዶ፣ የሐዋሳው ደሴ ሊደርሰው ይችላል። አፉን በአማርኛ ያልፈታ ልጅ አማርኛ የሚበዛበት ዶርም ሲገባ ዝም ሲል «ዓይን አፋር ነው» ይባላል። አገሩ እንደ ጅረት ሲያወራ የነበረ ልጅ ሊሆን እኮ ይችላል። ያፈረው ስለ ሰዋስው ነው፤ «ብሏል» ይሁን «ብላለች» እስኪያጣራ ጨዋታው ያልፈዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ጠባዩ ነው ብሎ መተው ትልቅ በደል ነው። አዲስ አበቤው ሶዶ ከተማ ገበያ ወርዶ አፉ ሲተሳሰር ይገባዋል።

ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል

ማታ ካፌ መግባት ከሁሉ ይከብደኝ ነበር። ሰሃን ይዞ ሰልፉን መጨረስ ችግር የለውም፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ወጡን አስጨምረህ ዞር ስትል አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም ጓደኛ አለው፣ ሁሉም አንተን ያይሃል። የሚያይህ ይመስልሃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጥናት ይህንኑ ነው የፈተሸው። አንድን ተማሪ፣ ተማሪዎች መልበስ የሚያፍሩበት የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቡት። ለባሹ «ስንቱ ያየህ ይመስልሃል?» ሲባል ግማሽ ያህሉ አለ። ሲቆጠር ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ሆን ተብሎ እንዲታይ የተደረገ ካናቴራ ነው። ሰሃን ይዞ ወንበር የሚፈልግ ልጅማ ማን ቁም ነገር ብሎ ያየዋል፤ ሰዉ ሽሮው ላይ ነው።

ይህን ማወቅ ብቻውን ግን አያድንም፤ እኔ ባውቀውም ካፌ መግባት አልቻልኩም ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው። ከሚያስፈራ ነገር ስንሸሽ ወዲያውኑ እፎይ እንላለን። ካፌውን ትቼ ከሱቅ ቦምቦሊኖ ገዝቼ ዶርም ስበላ ልቤ ይረጋል። ያ እፎይታ ለሰውነት ትምህርት ነው፤ «አየህ፣ ካፌው እውነትም አደጋ ነበረው፣ በመሸሽህ ነው የዳንከው» ይለዋል። በማግስቱ ካፌው ትንሽ ይበልጥ ያስፈራል። በሦስተኛው ሳምንት ሰልፉን በሩቅ ማየት ራሱ ይከብዳል። ፍርሃቱ የሚያድገው በደረሰብን ነገር አይደለም፣ ካፌ ውስጥ ማንም ምንም አላደረገኝም፤ የሚያድገው በሽሽቱ ነው።

የሚፈታውም በዚያው መንገድ ተመልሶ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ በትንሹ። እኔ የጀመርኩት ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ካፌው ሊዘጋ ሲል በመግባት ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም አልኩ። ከዚያ ሌላ ግማሽ። ልብ መምታቱን እስኪያቆም ከጠበቅን አንገባም፤ እየመታ ገብተን፣ ቁጭ ብለን ስንበላ ነው ሳናውቀው የሚተወን። ሲኒየሮች «ዝም ብለህ ደፈር በል» ይላሉ። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ዋና ለማያውቅ ሰው «ዝም ብለህ ዋኝ» እንደ ማለት ነው።

በፊደል ተራ የተገኘ ጓደኛ

ዓይን አፋር ተማሪ ጓደኛ የሚያዘው በጨዋታ አዋቂነት ይመስለዋል። ስለዚህ ጨዋታ የሌለው ብቻውን ይቀራል ብሎ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል። ይሄ ስህተት ነው፤ ደግሞም የተመዘነ ስህተት ነው።

ማዲ ሲጋል የምትባል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አሜሪካ ሜሪላንድ የፖሊስ ሠልጣኞች አንድ ጥናት አሳትማ ነበር። ሠልጣኞቹ በክፍልም በመኝታም የተመደቡት በአባት ስማቸው የፊደል ተራ ነው። በኋላ የቅርብ ጓደኞቻቸውን እንዲጠሩ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የጠሩት በስም ዝርዝሩ ላይ ለራሳቸው ስም ቅርብ የነበሩትን ሆነ። ሃይማኖትና ዕድሜን ከመሳሰሉት ነገሮች ይልቅ የፊደል ቅርበቱ ጓደኝነታቸውን በተሻለ ይተነብይ ነበር።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ የኛም ግቢ ያደረገው እሱን ነዋ። ብዙ ቦታ ዶርምም ሴክሽንም (የክፍል ምድቡም) የሚደለደለው በስም ተራ ነው። ከስድስታችን የአራታችን ስም በ«ተ» ይጀምራል፤ አንዱ ሲጠራ አራታችንም እንዞራለን። የቡድን ሥራ ሲመጣም መምህሩ ዝርዝሩን ከላይ ወደታች ይቆርጠዋል፣ ያው እኛ ነን። ማለትም ከባዱ ሥራ፣ ከአንድ ሰው ጋር ደጋግሞ መገናኘቱ፣ በሬጅስትራር ተሠርቶ ያለቀ ነው። ዓይን አፋሩ ማበላሸት ነው የሚችለው፤ የሚያበላሸውም ከዶርም በመጥፋት ነው። ላይብረሪ እስኪዘጋ አምሽቶ፣ ሰዉ ሲተኛ ገብቶ፣ ሳይነቁ ወጥቶ የሚኖር ልጅ አውቃለሁ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ዶርሜቶቹ የአባቱን ስም አያውቁም።

ዝም ብሎ መገኘት ራሱ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ አንድ ጥናት አራት ሴቶች በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከማንም ጋር ሳያወሩ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ አንዷ ምንም ሳትገባ፣ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ እየገቡ። በመጨረሻ ተማሪዎቹ ፎቷቸውን ሲያዩ ብዙ ጊዜ የገባችውን ይበልጥ ወደዱ። አንድም ቃል አልተናገረችም እኮ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ፣ አንድ ሰዓት ላይ ካፌ መግባት፣ ላይብረሪ አንድ ጠረጴዛ መያዝ የፈሪ ልማድ አይደለም። ፊትህን ሰው እንዲለምደው ማድረግ ነው።

ከመለመድ ወደ መቀራረብ ለመሻገር ግን ሰዓት ያስፈልጋል። ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ባደረገው ጥናት እንዲሁ ከመተዋወቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ ለቅርብ ጓደኝነት ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ያስፈልጋል ይላል። ክፍል ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ አብሮ መዋል ግን ያን ያህል አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ጨዋታው፣ ሻዩ፣ ወክ ማድረጉ ነው። ከዶርሜቶች ጋር ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ብናመሽ 50ው በ17 ቀን ይሞላል። ዓይን አፋሩ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ሳምንት የሞቀ ጓደኝነት አይቶ «እኔ ቀረሁ» ሲል ነው። ያ ገና አምስት ሰዓትም ያልሞላው ትውውቅ ነው፣ ብዙው እስከ ሚድ፣ እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ አይቆይም።

አፍ መክፈቻውን ደግሞ ባህላችን አዘጋጅቶልናል። ከቤት ስንቅ ሳይዝ የሚመጣ ተማሪ የለም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የአንዳንዱ እናት ጭኮ። ቆሎ አውጥቶ «እንብላ» ለማለት ጨዋታ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። «እንካ ዝገን» ብሎ እጅ መዘርጋት በቂ ነው፤ ቀሪውን ቆሎው ያወራል። «ሽምብራው የት አገር ነው?» ይላል አንዱ። እኔ ከመጀመሪያ ዶርሜቴ ጋር የተነጋገርኩት የመጀመሪያ ረጅም ወሬ ስለ ሱፍ ነበር፤ እነሱ አገር ቆሎ ላይ ይጨምራሉ፣ እኛ አንጨምርም። ሃያ ደቂቃ ተከራክረናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር አውርተው ሲለያዩ ያ ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው አሳንሰው ይገምታሉ። በዬል ዩኒቨርሲቲ አብረው የሚኖሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችንም ተከታትለዋል፤ ይሄ የተሳሳተ ግምት ለወራት አልለቀቃቸውም። ማታ አልጋ ላይ ሆነን የምንሰጠው ፍርድ፣ «ዛሬ አሰለቸኋቸው» የምንለው፣ ዳኛውም ምስክሩም እኛው ነን።

ዝምታ የሚያስከፍልበት ቦታ

ከዶርም ጋር በዝምታም ይኖራል። በዝምታ የማይኖረው ከቢሮ ጋር ነው። የሚድ ውጤት በመታወቂያ ቁጥር በር ላይ ተለጥፎ የኔ መስመር ባዶ ነበር። መምህሩ ራሱ አይቶ ያስተካክለዋል ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ እስክሄድ ፋይናል ደረሰ። ግሬድ ሲለቀቅ ኤን ጂ ወጣብኝ፤ ግቢ ያልገባችሁ፣ ውጤት የለውም ማለት ነው። ከዚያ ትምህርት ክፍል፣ ሬጅስትራር፣ ፎርም፣ ፊርማ፣ እንደገና ትምህርት ክፍል። መጨረሻ ላይ ወረቀቴ የሌላ ሴክሽን ጥቅል ውስጥ ተገኘ።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ መምህሩ።
«ሥራ ይዘው ነበር፣ ሰር።»
«የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር እኮ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዘዴ ያዝኩ፣ እስካሁንም እጠቀምበታለሁ። የምናገረውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። «ሰር፣ የሴክሽን 14 ተማሪ ነኝ፣ የሚድ ውጤቴ አልተለጠፈም፣ መቼ ልምጣ?» አንዷ ዓረፍተ ነገር ከወጣች ቀሪው መልስ መስጠት ብቻ ነው፣ መልስ መስጠት ደግሞ ለኛ ይቀላል። ብቻችሁን መሄድ ካቃታችሁ ዶርሜት ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ውጭ ይቁም። የክፍል ተጠሪውንም በቴሌግራም መጠየቅ ይቻላል፤ ጽሑፍ ለዓይን አፋር በረከት ነው። ግን ግሬድን በተመለከተ ተጠሪ ላይ አትንጠልጠሉ፣ የራሱም ኤን ጂ ይኖረዋል።

በቡድን ሥራ የምናውቀው ድራማ አለ። ዓይን አፋሩ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ያስተይባል፤ አንዱ ምላሰኛ ደግሞ ቆሞ ያቀርባል፣ ነጥቡም ጭብጨባውም ለሱ ይሆናል። ከዚህ መውጫው መግቢያውን እኔ ላቅርብ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል አጭር ነው፣ ርዕሱንና የቡድኑን ስም የሚናገር። ደግሞም ጭንቀቱ የሚከመረው ተራ ስንጠብቅ ስለሆነ ቀዳሚው ሰው ትንሽ ነው የሚጠብቀው። ማታ ባዶ ክፍል ገብቶ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል፤ በልብ ማንበብ አይቆጠርም፣ ምላስ የምትለምደው ስትንቀሳቀስ ነው።

ሠርግ ቤት ዓይን አፋሩን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ተቀምጦ ሲበላ ይጨነቃል፤ ጠላ ቅዳ ሲባል ይፈታል። እጁ ሥራ ሲይዝ ዓይኑ ማፈሩን ይረሳል። ግቢ ውስጥም እንዲሁ ነው። ግቢ ጉባኤ፣ ፌሎሺፕ ወይም ጀመዓ፣ ማለትም የየሃይማኖቱ የተማሪዎች ስብስብ፣ የሚሄድ ካለ አዳራሹ ጥግ ከመቀመጥ ወንበር መደርደር፣ ድምፅ ማጉያ ማገናኘት ቢይዝ ይሻለዋል። ሚኒ ሚዲያም (የተማሪዎቹ የግቢ ድምፅ ማሰራጫ) ማይክ የሚይዝ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ለማውራት ከመጣህ ወሬ መፈለግ አለብህ፤ ለሥራ ከመጣህ «ገመዱ የታል?» ማለትም ወሬ ነው።

ሴት ተማሪዎች ላይ ሌላ ሸክም አለ። ዝም ያለ ወንድ «ጨዋ» ሲባል ዝም ያለች ሴት «ትኮራለች» ትባላለች። «ሀንድአውት ልስጥሽ» ብሎ የሚጠጋው ሲኒየር ደግሞ ዝምታዋን እንደ እሺታ ሊተረጉመው ይሞክራል። ለዚህ ይሉኝታ አያስፈልግም። «አይ፣ አልፈልግም» ምክንያት የማይጨመርበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ካልተመለሰ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ያለው ለዚሁ ነው፤ ከዶርሜት ጋር መሄድ ይቻላል።

ከግቢ በር ውጭ የሚሸጠው ድፍረት ላይ ብዙ አልልም። ጫቱም ቢራውም ለጊዜው ምላስ ይፈታል፤ ሰውነት ግን የሚማረው «ያለሱ አልችልም» የሚለውን ነው፤ ያው የቦምቦሊኖው ነገር ነው፣ ዋጋው ብቻ ይለያል።

አንዳንዱ ደግሞ ከዓይን አፋርነት አልፎ ሕመም ይሆናል። ሰው ያየኛል በሚል ፍርሃት ፈተና የሚቀር፣ ምግብ የሚተው፣ ክፍል ሊገባ ሲል የሚያስመልሰው፣ ይህም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየበት ተማሪ ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባለው ሕመም ሊኖርበት ይችላል። በንግግር ሕክምና፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት የሚሻል ነገር ነው። በተማሪዎች አገልግሎት ሥር የምክር ቢሮ ያላቸው ግቢዎች አሉ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይልካሉ። የቢሮውን በር ማንኳኳቱ ከሁሉ ይከብዳል፣ ስለዚህ እሱንም ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ይቻላል።

የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ውጤት ይታያል፣ ሴክሽኑ ይበተናል፣ «ተ»ዎቹ ወደየትምህርት ክፍላቸው ይሄዳሉ። ዶርምም አዲስ ይደለደላል። በሁለተኛው ዓመት ስንመለስ ያው ወረቀት ያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ያው ግፊያ ነበር። እኔ አሁንም አልተጋፋሁም፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሱፉ ልጅ ግን መሃል ገብቶ በጣቱ ከላይ ወደታች ሲወርድ አየሁት። ዞሮ በሰው ራስ ላይ ጮኸ።

«አንተ 214 ነህ! ሩጥ፣ አልጋ ያዝ!»

ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው የታችኛዋ ባዶ ነበረች።